ከመነጠቁ በፊት የሚዘራ ስንዴ

ማክሰኞ

አልዘራም አለኝ። እራቱን እየበላ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ። «በመጪው እሑድ ጌታ መጥቶ ወደ ሰማይ እንነጠቃለን፤ ለማን ብዬ ነው የምዘራው?» ይህን ያለው ባለቤቴ ግርማ ነው። ከሮቤ ዳር ያለችውን መሬት ከአባቱ ተቀብሎ አንድም ዓመት ጦም አሳድሯት የማያውቅ ሰው!

አዳራሽ ተከራይቶ የሚሰበሰበው ትንሽ ኅብረት ውስጥ ከገባ ወዲህ ብዙ ዋጥኩ። ቤተ ክርስቲያን አብሮኝ መሄድ ተወ፤ ዝም አልኩ። ሰርግና ለቅሶ ተወ፤ ዝም አልኩ። ስንዴውን ግን አልውጥም። ልጃችን ዩኒቨርሲቲ ያለችው በዚህ ስንዴ ነው። የትራክተር ተራችን ቅዳሜ ነው። ካለፈን ትራክተሩ ወደ ሌላ ቀበሌ ይሻገራል፣ የዘር ጊዜውም ያልፋል።

እኔ እዘራለሁ አልኩት። በሐዘኔታ ፈገግ አለ። ያናደደኝ ፈገግታው ነው።

ጸሎት ሲሄድ ጠብቄ ዘሩን ከተባይ በሚጠብቀው ቀይ የዘር መድኃኒት ለወስኩት። ጆንያውን ሰፍቼ ጓዳ አስቀመጥኩ። ጥፍሬ ሁሉ ቀልቷል።

ረቡዕ

ጎባ፣ ቢሮ። ለሥራ ባልደረባዬ ለሰላም ነገርኳት። እሷ ከልጅነቷ ጀምሮ ጴንጤ ናት፤ በመነጠቅም ታምናለች። ትስቃለች ስል ተቆጣች። «ቀን ቆራጭ ደግሞ ከየት መጣ? ጌታ ራሱ ማንም አያውቀውም ብሎ የለ እንዴ! እኛ ጋ ተዘጋጅታችሁ ኑሩ ነው የሚባለው። ሥራ ፍቱ ያለ የለም።»

ደስ አለኝ። ለካ ጠቡ በእኔና በእሱ ሃይማኖት መካከል አይደለም።

ቤት ስመለስ አማቴን ያዝኳቸው። የፍልሰታን ጾም ይዘዋል። «ስምንተኛው ሺህ ገባ፣ ዓለም ሊያልፍ ነው ሲሉ የሰማሁት ነጠላ መልበስ እንኳ ሳላውቅ ነው» አሉ። «ይኸው በስምንተኛው ሺህ አገባሁ፣ ወለድኩ፣ አረጀሁ። ይመጣል፣ አይቀርም። ግን ሥራ ፈትቼ አያገኘኝም!» ታዲያ ልጅዎን ይምከሩልኝ ብላቸው «እኔን ይሰማል ብለሽ ነው?» አሉና ወደ ጸሎታቸው ተመለሱ።

ሐሙስ

ደክሞኛል። ግን ልጻፈው።

ከሥራ ስመለስ ጆንያው የለም። ግርማ ጋ ደወልኩ። «ለኅብረቱ ሰጠሁት። እስከ እሑድ እዚያው ስለምንጸልይ ንፍሮ ይቀቀልበታል» አለኝ። ጆንያውን ከፍቶ አላየውም! የሚበላ ስንዴ መስሎታል። መርዝ ነው ብዬ ስጮህ ስልኩ ተቋረጠ።

ባጃጅ ይዤ በረርኩ። አዳራሹ በር ላይ ስደርስ እልልታና ለቅሶ ተደባልቋል። ሴቶቹ ቀይ ስንዴ መስሏቸው ሳፋ ውስጥ ሲያጥቡት ውሃው ቀልቶባቸው! ኅብረቱን የሚመራው አገልጋይ ሳፋውን ከፍ አድርጎ ይዞ «ውሃው ደም ሆነ! ዮሐንስ በራእይ ያየው ይኸው ሮቤ ላይ ተፈጸመ!» ይላል። ሰው ሁሉ መሬት ተደፍቷል። ግርማም ተደፍቷል።

«ደም አይደለም፣ የዘር መድኃኒት ነው!» ብዬ ጮህኩና ጥፍሬን አሳየኋቸው። «ቀቅላችሁ ብትበሉት ኖሮ እውነትም እሑድ ሳይደርስ ትሄዱ ነበር!»

 አንዲት ሴት ለንፍሮው የተጣደውን ድስት ከምድጃው ላይ አነሣች። አገልጋዩ ግን አልተበገረም። «እህቴ፣ ሁለት ሰዎች እርሻ ላይ ይሆናሉ፣ አንዱ ይወሰዳል ሌላው ይቀራል ተብሏል። ባልሽ ይወሰዳል፣ አንቺ ትቀሪያለሽ» አለኝ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት።

ይህ ቃል ሰላም ከጠቀሰችው ጋር አንድ ምዕራፍ ላይ ነው፤ ጠዋት ታክሲ ውስጥ ደጋግሜ አንብቤው ነበር፣ እግዜር ይመስገን። «ከዚያ በፊት ያለውን ቁጥር አንብበው» አልኩት። «በኖኅ ጊዜ የጥፋት ውሃ የወሰደው ማንን ነው? ኃጢአተኞቹን አይደለም? የቀረው ኖኅ ነው። እኔም መቅረት ነው የምፈልገው!»

ጆንያውን መጎተት ጀመርኩ። ማንም አልረዳኝም። በኋላ ግርማ ተነሣ። ተሸክሞ ባጃጁ ላይ ጫነልኝ። ቀና ብሎ ግን አላየኝም። ተመልሶ ገባ።

ዓርብ

እዚያው አደረ። ተናድጃለሁ። ናፍቆኛልም፣ ምን ይደረግ።

የትራክተሩ ባለቤት ኦቦ ቃድር ወሬውን ሰምተው መንገድ ላይ አቁመው ሰላም አሉኝ። «አካም ቡልቴ? ቂያማው እሑድ ነው አሉ። ታዲያ ነገ ናፍጣዬን ላቃጥል ወይስ ልቆጥብ?»

«ያቃጥሉ» አልኳቸው።

«ዱጋ! እውነትሽን ነው» ብለው ሳቁ፤ በማለዳ እንደሚመጡም ነገሩኝ።

ቅዳሜ

ዘራሁ! ኦቦ ቃድር አረሱ፣ እኔ ጓንት አድርጌ በተንኩ፣ እሳቸው መልሰው አፈር አለበሱት። አበታተኔ አያምርም፤ አንዱ ጋ በዝቶ ሌላው ጋ ሳስቷል። ይብቀል እንጂ።

መሀል ላይ፣ እጄ ዘር እንደያዘ፣ ነገ እውነት ቢሆንስ የሚል ሐሳብ መጣብኝ። ፈራሁ፣ አልዋሽም። ደግሞ አሰብኩት። ስንዴ ስዘራ ቢያገኘኝ ፈጣሪ የሚያፍርብኝ አይመስለኝም። ቀጠልኩ።

እሑድ

ከአማቴ ጋር አስቀድሼ ስወጣ ሰማዩ ጠቁሯል። ከሰዓት በኋላ ያወረደው ዝናብ ሮቤ የለመደችው ነው፤ አዲስ ዘር ላይ ግን እንዲህ መሆን አልነበረበትም። መሬታችን መረሬ፣ ውሃ የሚይዝ ጥቁር አፈር ነው፣ ውሃ ካቆረ ዘሩ ይበሰብሳል። አካፋ ይዤ ሮጥኩ።

እርሻው ላይ ሰው አለ። ለመነጠቁ የተዘጋጀ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ገብቶ የላይኛውን ቦይ የሚከፍት። ግርማ።

«ዛሬ አይደለም እንዴ?» አልኩት። አላስቻለኝም።

«እስኪመሽ ጊዜ አለ» አለ፣ ቀና ሳይል። «እስከዚያ ዘሩ አይታጠብ።»

ኅብረቱን እተዋለሁ አላለኝም፤ እኔም አልጠየቅኩትም። ከጎኑ ገብቼ የታችኛውን ቦይ መቆፈር ጀመርኩ። ውሃው ቀስ እያለ ወረደ። ዝናቡ አባራ፣ መሸም።

ሁለት ሆነን እርሻ ላይ ነበርን። ሁለታችንም ቀረን።