ለአዴር ባሬ መኪና የመረጥኩት ባትሪ

ለምወድሽና እንደ እናት ላሳደግሽኝ ለእትዬ ቀለምወርቅ፣

እንደምን ሰነበትሽ? የደብረ ብርሃን ብርድ እንዴት አድርጎሻል? ወገብሽ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ጎንበስ ስትዪ ይይዝሻል? የእማዬስ ዓይን እንዴት ነው? ሐኪሙ ያዘዘላትን ጠብታ በሰዓቱ ታደርጋለች ወይስ እንደ ልማዷ «ጸበሉ ይበቃኛል» ብላ መስኮት ላይ አስቀምጣዋለች? ባለቤትሽ አቶ ማቲዎስስ? ልጆቹስ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር አምላክ ይመስገን ጤና ነኝ።

እትዬ፣ ቤት አብሮኝ የተከራየው ኑር ድሬዳዋ ሥራ አግኝቶ ከሄደ ወዲህ ክፍሉ ሰፍቶብኛል። ሱቁ ውስጥ ሰው አይጠፋም፤ ስልክ የሚያስጠግነውም ቻርጀር የሚገዛውም ሲገባ ሲወጣ ይውላል። ግን ሁሉም ዓይኑ ስልኩ ላይ ነው። ሱቄን ስዘጋ ቀኑን ሙሉ ስለ ስክሪንና ስለ ቻርጀር ካልሆነ ሌላ ነገር አለመናገሬ ትዝ ይለኛል። ሶማልኛዬ ለገበያ ይበቃል፤ የሆድን ለመጫወት ግን አይበቃም።

በየካቲት ወር ሆዳን የምትባል አስተማሪ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ይዛ መጣች። ስፈታው በሪሞት የምትነዳ መኪና ናት። ክንድ ታህላለች፤ ጎማዎቿ ትልልቅ ናቸው። ባትሪዋ ግን እንደ ቦካ ሊጥ ተነፍቷል። «የልጅሽ ናት?» ብላት «የአባቴ ናት» አለችኝ።

አባቷ አዴር ባሬ ይባላሉ። አዴር ማለት በዚህ አገር አጎት እንደማለት ነው፤ ትልቅ ሰው ሁሉ እንዲያ ይጠራል። ዕድሜያቸውን በሙሉ ከጅቡቲ ድንበር ከደወሌ ጅግጅጋ ከባድ መኪና የነዱ ሰው ናቸው። ባቢሌ አጠገብ ተገልብጠው ከወገባቸው በታች አልታዘዝ አላቸው። መኪናዋን የላከላቸው ደወሌ ያለው ታናሽ ወንድማቸው ነው። በተሽከርካሪ ወንበር ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ሰፈሩን ይዞሩባት ነበር፤ ማዶ ካለው ሱቅ ስኳር ሳይቀር ያስመጡባት ነበር። ባትሪው ካበጠ ወዲህ ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ነው የሚውሉት አለችኝ።

ያበጠ ሊቲየም ባትሪ ከተበሳ እሳት ነው። ነቅዬ ደጅ አሸዋ ውስጥ ቀበርኩትና ለጊዜው ከጠረጴዛዬ አንድ ደካማ ባትሪ ገጥሜ፣ አርብ ስለነበር ሱቄን ዘግቼ ራሴ ወሰድኩላቸው። መኪናዋ ከደጃፉ ብዙም ሳትርቅ ቆመች። አዴር ባሬ ግን ሪሞቱን ከእጃቸው አላወረዱም። ምሳ ቀረበ፤ ሩዝ በፍየል ሥጋ። ልሂድ ብል «ሰው ብቻውን ሲበላ እህሉም ያዝናል፤ ተቀመጥ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ አርብ አርብ ምሳዬ እዚያ ሆነ። የመንገዱን ጨዋታ በአማርኛ ያጫውቱኛል፤ የእማዬን ስም ሳይቀር ያውቃሉ። ባትሪው ገና አልተገኘም እያልኩ ስሄድ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ባይገኝም ደስ ይለኝ ነበር።

በመጨረሻ ዒፍራህ የምትባል በዋጃሌ ድንበር በኩል ዕቃ የምታስመጣ ነጋዴ ሦስት ዓይነት አመጣችልኝ። አንደኛው ባለ ሦስት ድንጋይ ሊቲየም ነው፤ ጉልበቱ አያድርስ፣ ግን የዚያችን መኪና መቆጣጠሪያ ያቃጥላል። ሁለተኛው ባለ ሁለት ድንጋይ ሊቲየም፣ ቀላልና ፈጣን፣ ከመኪናዋ ጋር የተፈጠረ ይመስላል። ሦስተኛው የኒኬል ባትሪ ነው። እንደ ጡብ ይከብዳል፣ ዝግ ይላል፣ ግን ቢበደልም እንደ ሊቲየሙ ቶሎ እሳት አይሆንም። እኔ ሁለተኛውን ልቤ ወዶታል። ሦስቱንም ይዤ ሄድኩና አስረዳኋቸው።

አዴር ባሬ ሁለተኛውን በእጃቸው መዘኑና «ሙቀት ይችላል?» አሉኝ።

«ጅግጅጋ ምን ሙቀት አላት አዴር?» ብዬ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። ሆዳን የያዘችውን ትሪ መሬት አስቀመጠችው። «ደወሌስ?» አሉ ቀስ ብለው። ወንድማቸው ቤት አዘጋጅቶላቸዋል፣ ሆዳንም እዚያ ትምህርት ቤት ሥራ አግኝታለች። «ልነግርህ ነበር፤ በምን አፌ ልጀምረው?» አሉኝ።

እትዬ፣ ብዙ የምጠይቀው ነበረኝ። ግን የተጠየቅሁት ስለ ባትሪው ነው። ደወሌ ቆርቆሮው እንደ ምድጃ የሚግልበት አገር ነው። ሆዳን ትምህርት ቤት ስትውል ቤት የሚቀሩት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ እሳት ቢነሳ ተነስተው የማይሮጡ ሰው። ሁለቱን ሊቲየሞች ወደ ከረጢቴ መለስኩና የኒኬሉን ከራሱ ቻርጀር ጋር ሰጠኋቸው። ስንሞክራት መኪናዋ እያዘገመች ሄደች። ቅር ይላቸዋል ብዬ ስፈራ፣ አዴር ባሬ ዓይናቸውን ከእሷ ሳይነቅሉ «ጭነት ይዛለች» አሉ። «ካራማራን ሙሉ ጭነት ይዞ የሚወጣ መኪና እንዲህ ነው የሚሄደው። የሚሮጠውማ ባዶው ነው።» ሆዳን ፊቷን አዞረች።

ሚያዝያ ሲያልቅ ሄዱ። ወንበራቸውን ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ስናስር መኪናዋን ለማንም አልሰጥም ብለው ታቅፈዋት ተቀመጡ። እጄን ይዘው ብዙ ቆዩ፤ የተናገሩት በሶማልኛ ነበር፣ ሁሉም አልገባኝም። ሰሞኑን ሆዳን ደውላ ነበር። ባትሪው ሙቀቱን ችሏል፤ አባቷም ከጥላ ሥር ሆነው ሰፈሩን ሁሉ ያዞሯታል አለችኝ። ደስ ብሎኛል፣ ከልቤ።

ያለፈው አርብ ግን ምን እንደነካኝ አላውቅም። ሱቄን ዘጋሁ፣ ታጠብኩ፣ ሸሚዝ ቀየርኩና እግሬ እንደለመደው ወሰደኝ። በሩን ካንኳኳሁ በኋላ ነው የነቃሁት። አዲሷ ተከራይ ከፍታ «ማንን ፈልገህ ነው?» አለችኝ። «በር ተሳስቼ ነው» ብዬ ተመለስኩ።

እማዬን ጉልበቷን ስመሽ ሰላም በዪልኝ፤ ጠብታውንም አንቺው ራስሽ አድርጊላት። አቶ ማቲዎስን ጤና ይስጥልኝ በዪልኝ። ልጆቹን ግንባራቸውን ሳሚልኝ። ጎረቤታችን እናትአለምንም አልረሳኋትም በያት። የዚህን መልስ በስልክ አታድርጊው፤ ስልክ ሲዘጋ ወሬውም አብሮ ያልቃል። ጽፈሽ ላኪልኝ፣ በተለይ የምሳ ሰዓታችሁን፤ ማን የት እንደሚቀመጥ ሳይቀር ጻፊልኝ።

ናፋቂ ወንድምሽ
መለሰ

ጅግጅጋ
ግንቦት 20 ቀን 2015 ዓ.ም.