በሸክላው ሽፋን ላይ ያሉት ሁለቱ

ኦክላንድ፣ ኅዳር 12 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለምወድሽ ታናሽ እህቴ፣

ከነልጆችሽ እንደምን ሰንብተሻል? ጉልበትሽን ያምሽ ነበር፤ ተሻለሽ ወይ? እኔ ከደም ግፊቱ በቀር ደህና ነኝ፤ ፈጣሪ ይመስገን። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሁለት ገጽ ሙሉ አንድም አራት ነጥብ የለውም፤ መነኩሲቶቹ በአለንጋ ያስተማሩን ለዚህ አልነበረም። ቢሆንም ደግሜ አነበብኩት፤ ደንግጬ ነው።

ለመሆኑ ለልጄ ለእንዳልካቸው ሚስት ብለሽ ሽማግሌ የላክሽው ማንን ጠይቀሽ ነው? የፀዳለ ወላጆች የልጁን መልክ እንይ ቢሉሽ የዘፈኑን ሸክላ ሽፋን ወስደሽ አሳየሻቸው። እናትየዋ ከጎኑ የቆመው ፈረንጅ ማን ነው ብትልሽ፣ ጸሐፊው ነው አልሻት። እዚህ ላይ ሳቄ መጣ። ቀጥሎ ልጅቷ የመውጫ ቪዛ ጀምራለች የሚለውን ሳነብ ግን ሳቄ ጠፋ። ስለዚህ በደንብ አንብቢኝ፤ ልጅቷ መምጣት የለባትም።

ያ ፈረንጅ፣ ኮሊን፣ ጸሐፊ አይደለም። እንዳልካቸው አብዮቱ መጥቶ ከቤት የሚላክለት ገንዘብ ሲቋረጥበት፣ ሼፊልድ በሚባል የእንግሊዝ የብረት ከተማ የተገናኙ ናቸው። ከአንድ ሥጋ ቤት በላይ አንዲት ክፍል ተከራዩ። ሲንተሳይዘር የሚሉትን ፒያኖ መሳይ ማሽን አሮጌውን ገዙ። ልጄ ማሽኑን ይጫወታል፣ ኮሊን ይዘፍናል፤ ሌላ ሰው የለም፤ ከበሮውንም የሚመታው ማሽን ነው። ራሳቸውን ዊንተር ታይምቴብል አሉ፤ የባቡር የክረምት ሰዓት ሰሌዳ ማለት ነው። በእንዲህ ያለ ስም ማን ይጨፍራል ብዬ ጽፌለት ነበር። የመጀመሪያው ሸክላ ገዢ አጣ። በሁለተኛው ግን አገሩ ሁሉ ጨፈረ። እንግሊዞቹ እንዳልካቸው ማለት ቢያቅታቸው አንዲ አሉት። ይህንን አባቱ ሰምቶ ቢሆን ኖሮ!

በ1976 ወደዚህ መጥተው ሳን ሆዜ ሲጫወቱ፣ ጆሮዬን በጥጥ ደፍኜ ሄድኩ። ልጄ እንደ ታይፒስት ቀጥ ብሎ፣ ፊቱ ሳይነቃነቅ ማሽኑን ይነካል። ከፊት ኮሊን እየተወራጨ ይዘፍናል። ዘፈኑ ባለቀ ቁጥር ያ ሁሉ ሕዝብ ሲያጨበጭብለት፣ እሱ ዞር ብሎ የሚያየው ልጄን ነው። ያኔ ምን ያለ ትሑት ልጅ ነው ብዬ አለፍኩት።

ሦስተኛው ሸክላ ወደቀ። አራተኛውን ሲጀምሩ እንዳልካቸው ይከሳና ያስለው ጀመር። ሸክላውን የሚያወጣው ኩባንያ ኮሊንን በአንዲ ፈንታ ሌላ ሰው እንፈልግልህ አለው። እምቢ ሲል ውሉ ፈረሰ። አምና ልጄን ደግፎ እኔ ቤት ይዞት ገባ። አሁን ቀን እዚሁ አጠገባችን ባለችው ኒውአርክ ከተማ አንድ መጋዘን ውስጥ ሳጥን ይሸከማል፤ ሲመለስ ልጄን ያጥበዋል፣ ያጎርሰዋል። ማጉረስ ማን እንዳስተማረው አላውቅም።

የበሽታውን ስም አልጽፍልሽም፤ ደብዳቤ እዚያ ሳይከፈት እንደማይደርስሽ ታውቂያለሽ። እዚህ ግን ሰው ሰምቷል። መጀመሪያ ያገራችን ሰዎች እየተፈራረቁ ይጠይቁን ነበር። አንድ ቀን ወይዘሮ ሀረገወይን መጥታ፣ እትዬ ይሄ ፈረንጅ ቤት የለውም እንዴ ሁልጊዜ እዚህ የማየው፣ አለችኝ። እንዳልካቸው አልጋው ላይ ሆኖ፣ አይዞሽ፣ የቤት ሬንት ይከፍላል አላት። ቀልዱን አሁንም አልተወም። ሻይ ቀዳሁላት። ብርጭቆውን በመሐረብ ያዘችና ሳትቀምሰው አስቀመጠችው። ከዚያ ወዲህ ደጄን የረገጠ የለም። በስልክ ኮል እያደረጉ እግዜር ይማርልሽ ይሉኛል።

ሐኪሙ ገናን አያይም ብሎኛል። ለኮሊን አልነገርኩትም። እሱም ሳያውቀው አይቀርም፤ ለእኔ ብሎ ዝም አለ። በየጠዋቱ፣ ዛሬ ፊቱ ይሻላል፣ እንባባላለን።

አንቺ አዝለሽ ያሳደግሽው ልጅ ነው፤ ሚስት የፈለግሽለት በፍቅር መሆኑን አውቃለሁ። ነገር ግን ያቺ ልጅ ገና ሃያ ዓመቷ ነው። እዚህ ከጥቁር ልብስ በቀር የሚጠብቃት የለም። ደብዳቤሽን ሳነብለት እንዳልካቸው ዓይኑን ጨፍኖ ሰማኝ። ከዚያ፣ እማዬ፣ የሰው ልጅ በከንቱ አታስለቅሱ አለኝ። ታዲያ ለወላጆቿ ምን ይነገራቸው ብዬ ብጠይቀው፣ አንቺ ውሸት አትወጂም፣ እውነቱን ጻፊ፣ አለኝ። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ሽማግሌዎቹን መልሰሽ ላኪያቸው። ታሟል አይበሉ፤ እስኪድን እንጠብቃለን ይሏቸዋል። አጥቷል አይበሉ፤ ተጋግዘው ይኖራሉ ይሏቸዋል። ልጁ ያገባ ነው ይበሉ። መቼ ቢባሉ፣ ቆይቷል፣ እኛም ዘግይተን ነው የሰማነው። ከማን ጋር ቢባሉ፣ እንግሊዝ አገር ነው የተገናኙት፣ በክፉም ቀን አልተለያዩም። በዚህ ውስጥ አንድም ውሸት የለም።

ድንግል ማርያም ቤትሽን ትጠብቅልሽ፤ ልጆችሽን ለወግ ለማዕረግ ታብቃልሽ። በነዚህ ሳምንታት ብቻሽን አትደሪ። እንዳልካቸው ጉንጮችሽን ስሞሻል። ኮሊንም ሰላምታ ልላክላቸው፣ ምን ብዬ ልጥራቸው ቢለኝ፣ አክስቴ በላት አልኩት።

ታላቅ እህትሽ