አባባ ለቅሶ የደረሱ ዕለት

ይድረስ ለወንድሜ ለዮሲ፤ ሰላምታዬ ከሐረር ሸዋ በር ተሳፍሮ ሐዋሳ ድረስ ይምጣልህ። እኔም ባለቤቴ ሳህሉም ደህና ነን። አባባን ሐኪሙ "ያማራቸውን አብሏቸው" ብሎ ሸኝቶናል።

ባለፈው ሳምንት ጎረቤታችን እትዬ ልደት አረፉ። አባባ የኢሠፓ ሹም ሳሉ በፈረሙት ወረቀት ልጃቸው የተረሸነባቸው፣ ታውቅ የለ። አባባ ለቅሶ ካልደረስኩ ብለው ድርቅ አሉ። ሦስቱን የአብዮት ሜዳሊያ ወልውዬ ደረታቸው ላይ የሰካሁት እኔው ነኝ፤ ያለነሱ አልወጣም ሲሉ ምን ላድርግ?

ድንኳኑ ውስጥ ስንገባ ሰው ሁሉ ብድግ አለ። አባባ "በእግዜር! ተቀመጡ ጓዶች!" አሉ። ማንም አልተቀመጠም። አንድ በአንድ ወጡና እኔና እሳቸው ባዶ አግዳሚ መሀል ቀረን።

"አየሽ ዕፀገነት፣ ሐረር አልረሳችኝም" አሉኝ። ደስታቸው እስካሁን አልበረደም። የእድራችን ዳኛ ግን ከዚያ ወዲህ ሲያየኝ መንገድ ይቀይራል።

ዮሲዬ፣ ቶሎ ና። መንገድህን መድኃኔዓለም ያቅናው። አራት ተሸካሚ ያስፈልጋል፤ እዚህ ሳህሉ አለ፣ አንተ ሁለተኛ ትሆናለህ፤ ትከሻቸው የጠና ሁለት ጓደኞችህንም ይዘህ ና፣ አደራ።

እህትህ ዕፀገነት