እማዬ ድልድዩ ሲነሳ ያየች ዕለት

ቅዳሜ፣ ሰኔ 7 ቀን 2000 ዓ.ም.

እማዬ ከደሴ አሜሪካ እኔ ጋ ከመጣች ጀምሮ ድልድይ አልሻገርም ብላ ከዌስት ሴንት ፖል ንቅንቅ አላለችም። አምና ሚኒያፖሊስ ላይ ድልድዩ ከነመኪኖቹ ወንዝ ውስጥ ሲወድቅ በቴሌቪዥን አይታለች። የዓይኗ ኦፕሬሽን ሰኞ ነው፤ ሆስፒታሉ ደግሞ ከወንዙ ማዶ።

ዛሬ "ወንዙ ዳር ብቻ" ብዬ አግባብቼ ወሰድኳት። የባቡሩ ድልድይ ጋ ስንደርስ አንድ ረጅም የጭነት ጀልባ መጣ። እሱን ለማሳለፍ ድልድዩ ግራና ቀኝ ባሉት ሁለት ማማዎች መሀል እንደተጋደመ ቀስ እያለ ወደ ላይ ተነሳ። እማዬ ክንዴን ጨመቅ አደረገችኝ።

"ራሱ ነው የሚነሳው?"

"ሰው አለው፣ እማ። ያቺ ትንሽ ቤት ውስጥ ሆኖ ኦፐሬት ያደርገዋል። ድሮ እዚህ የነበረው ደግሞ እንደ በር ወደ ጎን ነበር አሉ የሚከፈተው።"

ወደ ቤቷ አንጋጠጠች።

"የወደቀውስ ሰው አልነበረውም?"

ጀልባው አለፈ፤ ድልድዩም ድምፁን ሳያሰማ ወረደ። "ነዪ" ያለችኝ እሷ ናት። አጠገቡ ባለው የመኪና ድልድይ ላይ በእግራችን ወጣን። መደገፊያውን ሳትለቅ፣ "ቢስሚላህ፣ ቢስሚላህ" እያለች። መሀሉ ላይ ስንደርስ ቆመች። ነፋሱ ሻሿን ያውለበልበዋል፤ ውሃውን ቁልቁል ሳየው እኛ የምንንሳፈፍ መሰለኝ።

"እንመለስ፣ እማ?"

"ቆይ እስቲ፣ ሌላ ጀልባ ይምጣ።"

ፀሐይ እስክትጠልቅ ጠበቅን፤ አልመጣም። ፊቷ ላይ እንዲያ ያለ ፈገግታ ካየሁ ቆይቻለሁ። ሰኞን ላነሳባት አልደፈርኩም።