ሥልጣኔን ላዘገዩት ክቡር ዋና ሥራ አስኪያጅ

ለክቡር የጨዋታ አምራቹ ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ፣
ባሉበት፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ በተለይም የቀን መቁጠሪያዎን ለሚይዝልዎ ሰው መልካም ጤንነት እመኛለሁ፤ የመጨረሻው ሰው ሳይታመም እንዳልቀረ ስለምጠረጥር ነው። እኔ ዕድሜዬን ታሪክ ሳስተምር ኖሬ በጡረታ የተገለልኩ መምህርት ነኝ። አብሮኝ የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ደግሞ መንገድና ቦይ ሲለካ ያረጀ የመሬት ቀያሽ ነው። ሁለታችንም ድርጅትዎ የሠራውን፣ ሰውን ከዋሻ አውጥቶ መንግሥት እስከ መመሥረት የሚያደርሰውን የኮምፒውተር ጨዋታ ለብዙ ዘመን የተጫወትን፣ ይወጣል የተባለውንም አዲሱን የምንጠብቅ ታማኝ ደንበኞችዎ ነን። ትዕግሥትን ለተማሪዎቼ ሳስተምር የኖርኩ ቢሆንም ለካ የማውቀው መግቢያውን ብቻ ኖሯል፤ ሙሉውን ትምህርት ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ።

ነገሩ እንዳይድበሰበስ ዋናውን ላስቀድም። የወንድሜ ዓይን እየጠፋ ነው። ሐኪሙ እንዳስረዳን ሕመሙ ከዳር ጀምሮ ወደ መሐል የሚገባ ነው፤ እኔ በሚገባኝ ቋንቋ ሳስቀምጠው፣ ጠረፎቹን አንድ በአንድ እያስረከበ የሚያፈገፍግ፣ ዋና ከተማው ግን ገና ያልተያዘ መንግሥት ማለት ነው። የዓይን ጠብታው ከበባውን ያዘገየዋል እንጂ አይሰብረውም። ከተማው እስከ መቼ እንደሚቆም ሐኪሙ ቀን አልቆረጠልንም። ቀን ቆርጦ ከመሻር ጭራሽ አለመቁረጥ እንደሚሻል የሚያውቅ አስተዋይ ሰው ነውና ከእርስዎ ጋር ባስተዋውቃችሁ ደስ ይለኝ ነበር።

ወንድሜ ከጨዋታዎ የሚፈልገው ጦርነቱን አይደለም፤ ዘውዱንም አይደለም፤ ዘውዱ የእኔ ነው። አጨዋወታችን እኔ ነግሼ፣ ሕግ አውጥቼ፣ ከጎረቤት ነገሥታት ጋር ተጣልቼ፣ እሱ አገሩን ቀይሶ ነው። እሱ መሬቱን ከጫፍ ጫፍ ሳያይ አንዲት ጎጆ አልቀልስም። ቸኩዬ ወንዝ ዳር ከተማ ልቆረቁር ስል "እትዬ፣ ክረምት ሲገባ ሕዝብሽን ዋና ልታስተምሪው ነው?" ይለኛል፤ እኔም ግርማዬን ዋጥ አድርጌ ሕዝቤን ወደ ዳገቱ አወጣለሁ። አንድ ነገር ግን ሁልጊዜ ያበሽቀው ነበር። በአሮጌው ጨዋታ ላይ አንድ ወንዝ ኮረብታ ይወጣል። ከሜዳው ተነስቶ ጉብታውን ሽቅብ ይራመድና በማዶ ይወርዳል። ወንድሜ ባየው ቁጥር "ይህን የሠራው ሰው ውሃ ሲፈስ አይቶ ያውቃል?" እያለ፣ የአገሩ ገዢ እኔ በመሆኔ እኔን ይወቅሰኝ ነበር።

በአዲሱ ጨዋታ ውሃ ሁሉ የመሬቱን ተዳፋት ተከትሎ ከተራራ ምንጭ እስከ ባሕር እንደሚወርድ ባስነገሩ ዕለት ወንድሜ ወንበሩን ወደ ስክሪኑ አስጠግቶ ያንኑ ማስታወቂያ ደጋግሞ ተመለከተው። ከዚያ ወዲህ የሚመኘው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያ ወንዝ ሲወርድ ማየት፣ ማየት በሚችልበት ጊዜ።

ይህ ከታወቀ ዘንድ ቅሬታዎቼን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ቀኑ። ጨዋታው የሚወጣበትን ቀን ቆርጠው ሽረዋል፣ እንደገና ቆርጠው እንደገና ሽረዋል። መጀመሪያ የባሕሩ ማዕበል በቂ አረፋ አልነበረውም አሉ። ቀጥሎ የነገሥታቱ ጢም ነፋስ ሲመታው ፀጉሩ ለየብቻ አልተንቀሳቀሰም ተባለ። አሁን ደግሞ የተያዝነው በፈረሶች ጅራት ነው። አንድ ተማሪ ነበረኝ፤ የቤት ሥራ በሰጠሁ ቁጥር አንዲት አያቱ ትሞትበት ነበር። አራተኛዋን አያቱን በቀበረ ማግስት ጠርቼ "ልጄ፣ ዘመዶችህን ለፈተናው ቆጥብ" አልኩት። ያ ልጅ የት እንደገባ ሁልጊዜ አስብ ነበር። ድርጅትዎ ውስጥ ጥሩ ቦታ ይዞ ከሆነ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

ሁለተኛ፣ ስለ ማስታወቂያዎቹ። ጨዋታው ቢዘገይም ማስታወቂያው አንድም ቀን ዘግይቶ ስለማያውቅ ሠራተኞችዎ ሰዓት ማክበር እንደሚችሉ በቂ ማስረጃ አለኝ። አባቶች "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" ሲሉ የማይያዝ ተስፋን መተረታቸው ነበር። እርስዎ ተረቱን አሻሽለው ላሚቱን ከፊት፣ ከኋላና ከላይ በቪዲዮ አሳይተውናል፤ የቀረው ወተቱ ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ ስለ መመሪያው፤ ይህ ትንሽ ይረዝማል፣ ይታገሡኝ። ሊወጣ ነው በተባለው የመጨረሻ ቀን ዋዜማ ለደንበኞች በላኩት መልእክት "አዲሱን ለመቀበል ኮምፒውተርዎን ያዘጋጁ፤ አሮጌውን ጨዋታ ያጥፉ" ብለው ነበር። እኔ ዕድሜ ልኬን "ከመጀመራችሁ በፊት መመሪያውን አንብቡ" እያልኩ የኖርኩ ሰው ነኝ። ስለዚህ አነበብኩ፤ ለወንድሜም ጮክ ብዬ አነበብኩለት። እሱም ከመለካቱ በፊት ቦታውን የማጥራት ልማድ ያለው ሰው ነውና "መሬቱ ይጽዳ" አለ። አጸዳነው። ከተሞቼን፣ ወደቦቼን፣ ኮረብታ የሚወጣውን ወንዝ ጭምር በገዛ እጃችን ደመሰስን። በማግስቱ ጠዋት ቀኑ ተራዘመ።

ፋርማሲስት የሆነችው የወንድሜ ልጅ ልትጠይቀን መጥታ ይህን ብንነግራት ሆዷን ይዛ ሳቀች። "አክስቴ፣ እንዲህ ያለውን መመሪያ ማን ያነባል? አዘጋጁ ያሉት እኮ እንዲሁ ሰው ለማጓጓት ነው!" አለችኝ። መድኃኒት የምታድል ልጅ እንዲህ ስትል መስማት ቢያስደነግጠኝም፣ ጠይቄ እንዳረጋገጥኩት የጻፉትን ቃል በቃል የፈጸምነው ደንበኞች እኔና ወንድሜ ብቻ ሳንሆን አንቀርም። ስለዚህ የክብር ኒሻን ባንጠብቅም፣ ቢያንስ አሮጌውን ይመልሱልን ብለን ጻፍን።

አራተኛ፣ ስለ መልሱ። ደብዳቤዬን ልኬ መነጽሬን ሳላወልቅ መልሱ ደረሰ፤ ጨዋታውም እንዲህ ቢፈጥን የት በደረስን! መልሱ ስለ ታማኝነቴ ያመሰግናል፣ አሮጌው ከእንግዲህ እንደማይሰጥ ያስረዳል፣ አዲሱ "በቅርቡ" እንደሚመጣ ያበስራል። በታሪክ ትምህርት "በቅርቡ" የሚል ዘመን የለም። ተማሪ እንዲህ ብሎ ቢጽፍልኝ በቀይ አሰምርበት ነበር።

አምስተኛ ቅሬታ ነበረኝ፤ እርስዎን ስለማይመለከት ቅሬታ ከማለት ኑዛዜ ብለው ሳይሻል አይቀርም። በቀደም ሌላ የምንጫወተው ስለሌለ ያንኑ የወንዙን ማስታወቂያ ከፈትኩለት። ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብሎ አየና "ምንጩን ለምን ቆረጡት? ወንዙ ከመሐል ነው የሚጀምረው" አለኝ። ምንጩ ከስክሪኑ ግራ ጠርዝ፣ ከተራራው ሥር ይፈልቃል፤ ማንም አልቆረጠውም። ባለፈው ጊዜ እሱ ራሱ በጣቱ አሳይቶኛል። እኔ ግን "አዎ፣ ቆርጠውታል፣ እነዚህ ሰዎች ምን ሥራ ያውቃሉ!" አልኩት። እሱም ተናዶ "ቢያንስ ምንጩን ቢተዉት ምን አለበት" ሲል ቀኑን ሙሉ ረገማችሁ። ክቡር ሆይ፣ ያለ ጥፋትዎ ስምዎን ያጠፋሁት በዚህ ብቻ ነውና በአክብሮት ይቅርታ እጠይቃለሁ። የዚህን ደብዳቤ ግልባጭ ለጋዜጣም ልኬአለሁ፤ ሲወጣ የማነብለት እኔ ስለሆንኩ ይህቺን አንቀጽ እዘላታለሁ።

አሁን ወደ ልመናዬ። ጨዋታው እንዲያልቅ አልጠይቅም። ነገሥታቱ ጢም አልባ ይምጡ፤ ጢም የሌላቸው ብዙዎች መግዛታቸውን አስተምሬአለሁ። ባሕሩ ያለ አረፋ ይምጣ። ፈረሶቹን ጭራሽ ይተዉአቸው፣ በእግራችን እንሄዳለን። ተራራውንና ወንዙን ብቻ፣ ሰው ያልሰፈረበትን ባዶ መሬት እንዳለ ይላኩልን። ወንዙም በስክሪኑ መሐል ለመሐል፣ ከላይ ወደ ታች እንዲወርድ ያድርጉልኝ። ለሠራተኞችዎ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ እንደሆነ የሚያውቁ ነግረውኛል፤ የወንድሜ ዋና ከተማ ደግሞ ዛሬም ቆሞ ይጠብቃል።

ስለ ጥራት ያለዎትን የማይነቃነቅ ጽናት፣ ቀን በመቁረጥ ረገድ ያሳዩትን ልግስና፣ ደንበኛን ከማስደሰት ይልቅ ትዕግሥት ለማስተማር ያለዎትን ዝንባሌ ሁሉ በአድናቆት እያሰብኩ፣ በጥልቅ አክብሮት እጅ እነሣለሁ።

በእርስዎ ትእዛዝ መንግሥቷን በገዛ እጇ ያፈረሰች፣
የቀድሞ ንግሥት፣ የቀድሞ የታሪክ መምህርት

ማሳሰቢያ፦ ቀኑን ዳግመኛ የሚያራዝሙ ከሆነ ማስታወቂያውን በሥዕል ለማሳመር አይድከሙ፤ በድምፅ ብቻ ይበቃናል። ያን ጊዜ በዚህ ቤት ሥዕሉን የሚያይ አይኖርም፤ እኔ አልፈልግም፣ እሱ ደግሞ አይችልም።