ደረቁ ወር እስኪገባ

ሰኔ 4

ዛሬም ዝናብ። ቢሮ ገብቼ ጃንጥላዬን ሳላጥፍ ደንበኞች ወንበር ይዘው ጠበቁኝ። አዲስ ተጋቢዎች። ሙሽሪት ግድግዳው ላይ ያለውን የደሴቷን ፎቶ እያየች፣ "እዚህ ለመሄድ መቼ ይሻላል?" አለችኝ።

እንደ በቀቀን ለቀቅኩት። "ከኅዳር እስከ የካቲት። ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ባሕሩም ይተኛል። ከሰኔ እስከ ጥቅምት ግን አልመክርም። ይዘንባል፣ ይነፍሳል፣ ጀልባም ላይወጣ ይችላል።" ይሄን ሁሉ ዓመት ትኬት ስቆርጥ "አንቺስ ሄደሽ ታውቂያለሽ?" ያለኝ ሰው የለም። ደግነቱ...

አጠገቤ የሚቀመጠውን ባልደረባዬን "ትንበያ" ነው የምንለው። ኳስም ሆነ አየር ገምቶ ሰምሮለት አያውቅም። ጠዋት "ከሰዓት ፀሐይ ነው" አለ። ሁላችንም ጃንጥላችንን ይዘን ወጣን።

ቤት ስገባ አባባ የለም። የሰው ጣሪያ ሊደፍን ሄዷል። በዚያ ጉልበቱ! ጣሪያ ሠሪ ዝናብ ሲመጣ ቤቱ አይገኝም። የራሳችን ወጥ ቤት ያፈሳል፤ እማዬ ባልዲ ደቅናበታለች። ምሳዋን አልነካችውም።

"ሆዴን ትንሽ ይዞኝ ነው" አለች። "ትንሽ" ማለት ከጀመረች ሁለት ወሯ። የምርመራዋ ውጤት የሚመጣው በሚቀጥለው ሳምንት ነው።

ሰኔ 5

ወጥ ቤት የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ ላወርድ ስል እማዬ ጮኸችብኝ። ከቢሮዬ ያመጣሁላት ነው። ደሴቷ አለችበት፣ ነጭ አሸዋና አንድ የተጋደመ ዛፍ።

"ቀኑ ካለፈ ስንት ዓመቱ እኮ ነው እማዬ።"

"ቀኑን ማን አየው?"

አባባ "ደረቁ ወር ሲገባ ባሕር እወስድሻለሁ" ማለት የጀመረው እኔ ትምህርት ቤት ሳልገባ ነው። ደረቁ ወር ሲገባ ሰው ሁሉ ቤት ይሠራል፣ አባባ ከጣሪያ አይወርድም። ዝናቡ ሲገባ ደግሞ "በዝናብ ማን ይሄዳል?" ይላል። እንዲህ እንዲህ እያሉ አረጁ።

ሰኔ 11

ውጤቱ መጣ። ቆሽቷ ላይ ካንሰር ነው። ጉበቷም ላይ ደርሷል።

ሐኪሟ ቀስ ብላ ነው የነገረችን። እማዬ ሳታቋርጥ ሰምታ ስታበቃ፣ "ያማል?" አለች።

"እንዳያምዎት እናደርጋለን።"

"እሱ ይበቃኛል። ስንት ጊዜ ቀረኝ ብዬ አልጠይቅሽም፣ አንቺም አትንገሪኝ የኔ ልጅ።"

አባባ ባርኔጣውን ጭኑ ላይ አድርጎ ጠርዙን ሲያዞር ቆየ። "ደረቁ ወር ሲገባ ይሻላታል" አለ።

ሰኔ 12

ሥራ ገባሁ። "ከኅዳር እስከ የካቲት" አልኩ። ሦስት ጊዜ። ከዚያ መጸዳጃ ቤት ገብቼ ውኃውን ከፍቼ አለቀስኩ።

ሰኔ 16

እማዬ ዛሬ አነሳችው። ፎቶውን እያየች፣ ዝም ብላ፣ "ያቺን ደሴት ባያት ደስ ይለኝ ነበር" አለች። ምንም ነገር ጠይቃ የማታውቅ ሴት። አንጀቴን በላችው።

አባባ ከወንበሩ ተነሳ። "ኅዳር ላይ እወስድሻለሁ። ያኔ የማንንም ሥራ አልቀበልም፣ ማልሁልሽ።" ወደኔ ዞረ። "አንቺ የሥራሽ ነገር ነው፣ ንገሪያት እንጂ። ኅዳር አይደል ጥሩው?"

ሁለቱም አዩኝ።

ኅዳር ነው አልኩ። ምን ልበል? ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ሰኔ 22

መድኃኒቷን ልወስድ ሄጄ ሐኪሟን ብቻዋን አገኘኋት። የጉዞውን ነገር ነገርኳት።

"መውሰድ ከፈለጋችሁ አሁን ነው። በሚቀጥሉት ሳምንታት። ኅዳርን እርሺው።"

"አሁን እኮ እዚያ ዝናብ ነው ዶክተር። ወቅቱ አይደለም..."

ከአፌ ሲወጣ ለራሴም ተሰማኝ። ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "እናትሽን የሚያሰጋት ዝናብ አይደለም" አለች። ቁጣ የለበትም። ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር።

ሰኔ 24

አባባ የጎረቤት አሸንዳ ሊጠግን ወጣ። መሰላሉን የያዝኩት እኔ ነኝ። ድሮ እማዬ ነበረች የምትይዝለት፤ እየያዘች ትሰድበው ነበር፣ "ውረድ አንተ ሽማግሌ፣ ድመት መሰልከኝ" እያለች።

ከታች ሆኜ ነገርኩት። ሐኪሟ ያለችውን፣ አንድም ሳላስቀር። መዶሻው ቆመ።

"ዝናብ ላይ ጣሪያ አይከፈትም" አለ።

"ጣሪያ አይደለችም አባባ! እናቴ ናት!"

ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ መምታቱን ቀጠለ። ሲመታ፣ ሲመታ... ሚስማሩ እኮ ድሮ ገብቷል። በኋላ ቆመና፣ ፊቱን ሳያዞር፣ "ኅዳር ካልን እስከ ኅዳር ትቆየናለች" አለ። "ቀኑን አታቅርቢብኝ ልጄ።"

መሰላሉን ብቻ ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ። አባቴ ሲያለቅስ ጀርባውን ነው ያየሁት።

ሰኔ 26

ለካ እማዬ ሰምታናለች። የመኝታ ቤቷ መስኮት በጎረቤት በኩል ነው።

ምሳ ላይ ሁለታችንንም አስቀመጠችን። "ስሙኝ። እኔ ዝናብ ጠልቼ አላውቅም። ዝናብ የሚጠላው እሱ ነው።" በአገጯ ወደ አባባ ጠቆመች።

"አንቺ ሴት..."

"ዝም በል፣ ዛሬ ተራው የኔ ነው። ከተጋባን ጀምሮ ዝናብ ጠብ ባለ ቁጥር ስልክ ይጮኻል፣ ስልክ ሳይኖረን ደግሞ ጎረቤት ይጮህ ነበር፣ አንተ መዶሻህን ይዘህ ትወጣለህ። አንድ ቀን እንኳ አጠገቤ ጋደም ብለህ ዝናብ አልሰማንም። አንድ ቀን!"

አባባ እጁን አየ።

"እዚያ ደሴት ማንም ስልክህን አያውቀውም" አለች። ከዚያ ለኔ፣ "በጣም የሚዘንበው መቼ ነው?"

"ሐምሌ" አልኩ።

"ሐምሌ ይሁን።"

ሰኔ 28

የሠራተኛ ትኬት ጠየቅኩ። ትንበያ ወሩን አይቶ፣ "ተሳስተሻል፣ ሐምሌ ብለሽ ጽፈሻል" አለ። አልተሳሳትኩም ብዬ ነገርኩት። ቀልድ አላመጣም። ተነስቶ የሕመምተኛ ወንበር ለማስያዝ እሱ ራሱ አየር መንገዱ ጋ ደወለ። ሲወጣ፣ "ፀሐይ ይሆናል ብዬ ብተነብይላችሁስ?" አለኝ። ኧረ በናትህ ተው አልኩት። የሰሞኑ የመጀመሪያ ሳቄ ነው።

ሐምሌ 13

ወደብ ከተማዋ በአውሮፕላን ደረስን። ጀልባዋ ግን አልወጣችም። ነፋስ። ስንቱን ደንበኛ ያስጠነቀቅሁት ነገር በራሴ ደረሰ። ወደቡ አጠገብ ክፍል ተከራየን። እማዬ አስመለሳት። የአባባ ዓይን "አላልኩሽም?" ይላል። ወይስ እኔ ነኝ እንዲያ ያነበብኩት? ነገም ባትወጣስ? ምን ነካኝ እዚህ ድረስ ያመጣኋት...

ሐምሌ 14

ወጣች! ጀልባ ነጂው እማዬን አቅፎ አስገባት። "እናቴ፣ በዚህ ወቅት ምን ሊያዩ መጡ?" አላት።

"ዝናብ" አለችው።

ሳቀ፣ የቀለደችበት መስሎት። ደሴቷ ፎቶው ላይ እንዳለችው አይደለችም። ባሕሩ አመድማ ነው፣ አሸዋው ረጥቦ ጠቁሯል። የተጋደመውን ዛፍ ፈለግን፣ የለም። ማዕበል ወስዶት ይሆናል። ተበሳጭቼ እሷን ዞር ብዬ ባያት ፊቷ በርቷል። "ስፋቱ!" አለች። "ይሄ ሁሉ ውኃ እዚህ ነበር?"

ሐምሌ 15

ቀኑን ሙሉ ዘነበ። ያረፍንባት ቤት ቆርቆሮ ክዳን ናት፣ ሲዘንብ ትጮኻለች። የአባባና የእማዬ አልጋ በረንዳው በር ላይ ነው። እኔ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ነበር።

ከምሳ በኋላ ከበደ። አባባ እንደ ልማዱ ብድግ አለ። ጫማውን ፈለገ። ጥግ ላይ ጠብ ጠብ የሚል አለ፣ አየው። ወንበር ጎተተ።

"የሰው ጣሪያ ነው" አለች እማዬ። "ና።"

"ሚስማሩ ጎማው አልቆ ነው፣ አንድ ደቂቃ..."

"ና ተጋደም አልኩህ።"

ቆመ። ከዚያ... ጫማውን አውልቆ አጠገቧ ተጋደመ። በጀርባው፣ እጁ ደረቱ ላይ፣ ሐኪም ቤት እንዳለ ሰው። ወደኋላ ላይ ድምፁን ሰማሁት። "ይሄ ስስ ቆርቆሮ ነው። ትሰሚያለሽ? ወፍራሙ እንዲህ አይጮህም።"

"እሺ።"

"እዚያ ጋ ደግሞ ሲመታ ዱብ የሚለው ማገሩ ላይ ነው። ያኛው ከሥሩ ባዶ ነው።"

"እሺ። ሌላስ?"

እሱ እየነገራት፣ እሷ "ሌላስ" እያለች። የቤቱን ክዳን ከዳር እስከ ዳር በጆሮዋ አስጎበኛት። ከዚያ ሁለቱም እንቅልፍ ወሰዳቸው። አባቴ ሲዘንብ ሲተኛ አይቼ አላውቅም። አፉን ከፍቶ።

ሐምሌ 17

ለትንሽ ጊዜ ፀሐይ ወጣች። እግሯን ባሕር ውስጥ ነከርናት። "ይሞቃል!" ብላ እንደ ልጅ ጮኸች። ፀሐይዋ ቶሎ ጠፋች። እማዬም "በቃኝ፣ ወደ ዝናባችን" አለች። ክብደቷ ቀልሏል። ልብሷን ሳለብሳት ትከሻዋን በእጄ ያዝኩት፣ አጥንት ብቻ። ነገ ተመላሽ ነን።

ነሐሴ 2

ከአልጋ አትወርድም። የማስታገሻውን መጠን ጨመሩት።

ነሐሴ 9

ከሰዓት ዶፍ። የአባባ ስልክ ጮኸ። አላነሳውም። እንደገና ጮኸ። በሁለተኛው እማዬ፣ "የሰው ቤት ውኃ ሲሞላ ዝም ትላለህ? ኃጢአት እኮ ነው" አለችው፣ ባለቀ ድምፅ። አንስቶ የሌላ ጣሪያ ሠሪ ስልክ ሰጣቸው። ከዚያ መልሶ አጠገቧ ተጋደመ።

ባልዲው ውስጥ ጠብ ጠብ ይላል። "የኛውስ?" አለችው።

"የኛው ሚስማሩ ዝጎ ነው። ደረቁ ወር ሲገባ እደፍነዋለሁ።"

ሁለቱም ሳቁ። እኔ መሳቅ አቃተኝ።

መስከረም 3

እማዬ ዛሬ ጠዋት አረፈች። እየዘነበ ነበር። አባባ አጠገቧ ነበር።

መስከረም 19

ለቀስተኛው አለቀ። ቤቱ ሰፋ። አባባ "ሌላስ?" ትለኝ ነበር አለኝ፣ ሻይ እየጠጣ፣ ምንም ሳይቀድመው።

ጥቅምት 8

ሥራ ተመለስኩ። ትንበያ ጠረጴዛዬን ወልውሎ ጠበቀኝ። አንድ ሽማግሌ ከሚስታቸው ጋር መጡ፣ እሷ ምርኩዝ ይዛለች። "መቼ ብንሄድ ይሻላል እህቴ?" አሉኝ። አፌን ከፈትኩ፣ የለመድኩት አልወጣ አለኝ። "እናንተ መቼ ይመቻችኋል?" ብዬ ጠየቅኳቸው። ግራ ገባቸው። እሷ ግን፣ "አሁን" አለች።

ኅዳር 6

ደረቁ ወር ገባ። ሰማዩ አንድ ቁራጭ ደመና የለበትም። አባባ በዚህ ወቅት ከሰው ጣሪያ አይወርድም ነበር። ዘንድሮ በማለው መሠረት ሥራ አልተቀበለም። ማን ይጠይቀዋል? ግን ማለ፣ አለቀ።

ዛሬ መሰላሉን አወጣ። የወጥ ቤቱን ልደፍን ነው አለ። ሄጄ ያዝኩለት። ወጣ፣ የዛገውን ሚስማር አገኘው፣ በጣቱ ነካ ነካ አደረገው። ላይ ብዙ ቆየ። መዶሻ አልሰማሁም። አዲሶቹ ሚስማሮች እጁ ላይ እንዳሉ ወረደ።

"አልደፈንከውም?"

"ሰኔ ሲመጣ ጠብ ይበል። ምን አስቸኮለሽ።"

መሰላሉን አጥፈን ግድግዳው ላይ አስደገፍነው። ባልዲውን አላነሳነውም፤ ደርቆ ቦታው ተቀምጧል። አባባ ደጃፉ ላይ ወንበር አውጥቶ ሰማዩን ሲያይ ቆየ፣ እዚያ ያጣው ነገር እንዳለ ሰው። ዕድሜ ልኩን እንዲጠራለት የለመነው ሰማይ።

"ልጄ።"

"አቤት አባባ።"

"እዚያ ደሴት... ለመሄድ መቼ ይሻላል?"

እንደ ደንበኛ ነው የጠየቀኝ። ባርኔጣውን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ መልሴን እየጠበቀ።

"ሐምሌ" አልኩት። "ሐምሌ ይሻላል።"

"ሩቅ ነው" አለ።

ሩቅ ነው አልኩ እኔም። አጠገቡ ተቀመጥኩ።