የሜላት የቅዳሜ ሠላሳ ብር

ታዴዬ፣ የኔ ሾፌር፤

ከተለየኸን ዓመት ሊሞላ ነው። ዛሬ የምጽፍልህ ላለቅስብህ አይደለም። ልጅህን ገንዘብ አያያዝ እያስተማርኳት ስለሆነ እንድታውቀው ብዬ ነው።

አታኩርፍና፣ አበላሽተህብኝ ነው የሄድከው። ከጅቡቲ መስመር ስትመለስ ኪስህን ገልብጠህ የተረፈህን ፍራንክ ሁሉ እጇ ላይ ታፈስላት ነበር። ስቆጣህ ትስቅብኛለህ። ሳቅህን ስለምወደው ዝም እላለሁ።

ከለቅሶው በኋላ ደግሞ ባሰ። ሊጠይቀን የመጣ ሰው ሁሉ ሲወጣ ብር ያስጨብጣታል። እህትህ አስካለማ ከሳሪስ በመጣች ቁጥር መቶ ብር ነው። አባት የላትም እያሉ ያዝኑላታል፤ ክፉ አስበው አይደለም። ሜላት ግን በሰባት ዓመቷ ነገሩ ቶሎ ገባት።

አንድ ቀን ከምሠራበት ፋብሪካ ወጥቼ ስኳር ልገዛ ወደ ሰፈራችን ባለሱቅ ወደ ከድር ጎራ አልኩ። ሜላት ከፊቴ ቆማለች፣ አላየችኝም። አንገቷን ሰበር፣ ድምጿን ለስለስ አድርጋ፣ አባቴ ሞቷል ብላ ብስኩት ስትለምነው ሰማኋት። ከድርም አንጀቱ አልችል ብሎት ሰጣት። ታዴ፣ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። የቆጠቆጠኝ ልመናው ብቻ አይደለም። የአንተ መሞት ለልጄ የብስኩት መግዣ መሆኑ ነው።

በዚያው ሳምንት ወሰንኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሠላሳ ብር ከእኔ ደመወዝ፤ ከሌላ ከማንም አንድ ሳንቲም የለም። ካለቀባት እስከ ቅዳሜ ትጠብቃለች። ከድርንም በልመና እንዳትሰጣት ብዬ አስጠነቀቅኩት። አስካለ ግን በወንድሟ ልጅ ላይ የጨከንኩ መሰላት፤ አኩርፋ ደጃችንን መርገጥ ተወች።

የመጀመሪያውን ሠላሳ ብር እሁድ ሳይመሽ በቺፕስና በማስቲካ ጨረሰችው። ሰኞ ለመነችኝ፣ ማክሰኞ አለቀሰች፣ ረቡዕ ደግሞ አባዬ ቢኖር ይሰጠኝ ነበር አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ትሰጣት ነበር። ጓዳ ገብቼ አልቅሼ፣ ፊቴን ታጥቤ ወጣሁ። ቦርሳዬን ግን አልከፈትኩም።

ቀስ በቀስ ለመደችው። አሁን ከድር ሱቅ የምትፈልገው የሥዕል ከለር ስላለ ቺፕሱን ትታ ግማሹን ታስቀምጣለች። በየቀኑ ሄዳ ዋጋውን ከድርን ትጠይቀዋለች፤ እንዳይጨምርባትም ትቆጣዋለች። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ስትከራከረው ብታያት፣ ከጫኝና አውራጅ ጋር የምትሟገተውን አንተን ቁርጥ ነው የምትመስለው። እኔ ከበር ቆሜ እስቃለሁ።

ባለፈው እሁድ አስካለ ኩርፊያዋን ትታ ከጓደኛዋ ጋር መጣች። ጓደኛዋ ሜላትን እንዳየች ከንፈሯን መጠጠች፤ አይ አባት የሌላት ብላም ሁለት መቶ ብር ዘረጋችላት። ሁለት መቶ ብር ለከለሩ ሞልቶ ይተርፋል። እኔ የሜላትን እጅ አየሁ፤ የደከምኩበት ሁሉ እዚያች እጅ ላይ ነበር።

ሜላት እጇን አልዘረጋችም። አንገቷን ቀና አድርጋ፣ አባቴ ሾፌር ነበር ብላ ጀመረች። ከባድ መኪና ትነዳ እንደነበር፣ ሰፈር ስትደርስ ክላክስ አድርገህ እንደምትጠራት፣ ስትስቅ ሆድህ እንደሚንቀጠቀጥ፣ ትንፋሽ ሳትሰበስብ ነገረቻት። ብሩንማ የእኔ ቅዳሜ ነው ብላ አልቀበልም አለቻት። ሴትየዋ ብሩን ይዛ ቀረች። አስካለ እያለቀሰች ሳቀች፤ ስትወጣ እኔን አቀፈችኝ፣ ለሜላት ግን ምንም አላስጨበጠቻትም።

ታዴዬ፣ እንዴት እንደማስታውስህ ልንገርህ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሠላሳ ብሯን ስሰጣት፣ ስለ አንተ አንድ ወሬ አብሬ እሰጣታለሁ። ብዙ አለኝ፣ እስክታድግ አያልቅብኝም። እሱን ግን ቆጥቢው አልላትም። ለጠየቃት ሁሉ ትበትነው።

ሚስትህ